የወጌሻዋ ፊርማ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአጥቂው ጉልበት የኤም አር አይ ፊልም ከሆስፒታል ሲመጣ፣ የክለቡ ወጌሻ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ በብርሃኑ አየችው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነስታ አየችው። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ነገር ነበር።

የፊት ጅማቱ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው። በዚህ ጉልበት ቀስ ብሎ መራመድ ይቻላል፣ ደረጃም እንደ ምንም ይወጣል። እየሮጡ ድንገት መዞር ግን የማይታሰብ ነው። ከዞረ ጅማቱ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ብቻውን አይሄድም፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለውን ልስልስ ነገር ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ኳሱ ይቅርና፣ ሰውየው አንድ ቀን ልጅ ቢወልድ አቅፎት ደረጃ መውጣት አይችልም።

የሰውየው ሥራ ደግሞ መዞር ነው። «ጅራፉ» ያሉትም ለዚያ ነው። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ይቀበልና፣ ተከላካዩ የት ሄደ ብሎ ሳይጨርስ በግራ እግሩ ተሽከርክሮ ይለቃታል። እንዲህ እያለ መቶ አርባ ሰባት ጎል አግብቷል። የሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰንም መቶ አርባ ሰባት ነው፤ የያዙት ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጫወቱ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ የጅራፉም ውል የሚያልቅበት ቀን። አንዲት ጎል ካገባ አናት ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ ስለዚያች ጎል ይከራከራል፣ ትኬቱም ረቡዕ ዕለት ተሸጦ አልቋል።

የክለቡ ደንብ ግን አጭር ነው። የጉዳት መዝገብ ውስጥ ያለ ተጫዋች ያለ ወጌሻዋ ፊርማ ሜዳ አይገባም።

ፊልሙን አንስታ ወደ ፖስታው መለሰችው። በውስጧ የተሰማት ደስታ ሰው ቢያየው የሚያሳፍር ዓይነት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ያኔ የዚሁ ክለብ ወጌሻ አባቷ ነበሩ። ሁሉም ሰው «ጋሽ ወጌሻ» ይላቸዋል። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት ሥራ አልነበረም፤ እጃቸው ግን ያውቅ ነበር። እሷ ከጎናቸው ቆማ ፋሻ ታቀብላለች፣ ውሃ ታሞቃለች። አንድ ቀን ከታችኛው ቡድን አንድ የሃያ አንድ ዓመት አጥቂ ተሸክመው አመጡላቸው። ጉልበቱ ዱባ አክሏል። ሐኪሞች ኳስን እርሳ ብለውታል፣ ክለቡም ስሙን ሰርዞታል። ጋሽ ወጌሻ ጉልበቱን ረጅም ጊዜ ሲደባብሱ ቆዩና አንተ ኳሱን ካልረሳህ እኔም አልረሳህም አሉት።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቤታቸው ተመላለሰ። በፊት ለፊቷ ክፍል የሳንቃ አልጋ ላይ ይተኛል፣ አባትየው ያሻሉ፣ ልጅቷ ማጠፍና መዘርጋቱን ትቆጥራለች። መጀመሪያ በምርኩዝ ሄደ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ፣ ቀጥሎ የልጅቷን ትከሻ ይዞ። ግድግዳው አጠገቡ እያለ ትከሻዋን መምረጡን ቀድማ ያየችው እናትየዋ ናት። ይሄ ልጅ ድኗል፣ አሁን የሚያነክሰው ለሌላ ጉዳይ ነው ብላ ለባሏ ነገረች። እውነቷን ነበር። ልጅቷ ትንሽዬ ስለሆነች «ድንቢጥ» ይላት ጀመር፤ እሷም ስሙን ወደደችው። በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ክለብ አይቶ ሲያስፈርመው፣ በወሩ ተመልሶ መጥቶ አባቷን እንደሚጠይቅ ነግሯት ሄደ።

አልመጣም። ሰባት ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ለአንዱም መልስ አልደረሳትም። በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ፣ አባቷ የአንድ ሾፌር ቁርጭምጭሚት እያሹ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። ጅራፉ ሦስት ጎል አግብቶ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ጋዜጠኛው ያን ተስፋ የተቆረጠበት ጉልበት ማን አዳነልህ ብሎ ጠየቀው። ጅራፉ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም ውጭ አገር ሄጄ ታክሜ ነው ብሎ መለሰ።

አባቷ እጃቸውን ከሾፌሩ እግር ላይ አላነሱም። ማሸቱን ብቻ አቆሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ጅራፉን ያዳኑት የኛው ጋሽ ወጌሻ ናቸው እያሉ ሲኮሩ የነበሩ ሰዎች፣ ውጭ አገር የሚሉት የጋሽ ወጌሻን ሳሎን ነው እንዴ እያሉ ይቀልዱ ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡ የተማረ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ አሰናበታቸው። ልጅቷ በዚያው ሰሞን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታ ፊዚዮቴራፒ መማር ጀመረች። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሳለች አባቷ ሞቱ። የልብ በሽታ ነው አሏት። የልብ መሆኑን ከሐኪሙ በፊት ታውቅ ነበር። ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። እናቷ የዚህች ልጅ እንባ የት ሄደ ብላ ስትጨነቅ፣ እሷ ውስጥ ውስጡን ቃል እየገባች ነበር።

ባለፈው ዓመት ጅራፉ የኳስ ዘመኑን ለመጨረስ ወደ መጀመሪያው ክለቡ ይመለሳል የሚል ወሬ ስትሰማ፣ ጥሩ የሆስፒታል ሥራዋን ለቅቃ በክለቡ ክፍት ቦታ አመለከተች። ባልደረቦቿ አብደሻል አሏት። አላበደችም። ሠላሳን ያለፈ አጥቂ ጉልበቱ አንድ ቀን ወጌሻ እጅ ላይ መውደቁ አይቀርም። የፈለገችው ያ እጅ የሷ እንዲሆን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት እንዴት ነሽ አላት። ካልሲህን አውልቅ አለችው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን አልጋው ላይ ይተኛል፣ እሷ እጠፍ፣ ዘርጋ፣ ያማል? ትላለች፣ እሱ አዎ ወይም አይ ይላል። ጎንበስ ስትል ፀጉሯን ያያል፣ ቀና ስትል ጣሪያውን ያያል። ጋዜጦች ሦስት ጊዜ ድረውት ሦስት ጊዜ አፋትተውታል፤ እሱ ግን አንድም ጊዜ አላገባም። ይህን እንደማታውቅ ሆና ነበር የምትሠራው።

ዓርብ ዕለት ልምምድ ሳያልቅ መጣ። ፖስታውን ጠረጴዛዋ ላይ አየው፤ ፊልሙን አሳዪኝ ግን አላላትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገረ። ጉልበቱ ደህና እንዳልሆነ እንደሚያውቅ፣ ደረጃ ሲወርድ እንደሚከዳው፣ ከእሑድ በኋላ ኳስ የሚባል ነገር እንደማያምረው ነገራት። የሚፈልገው ዘጠና ደቂቃ ብቻ ነው። ድምፁ እያነሰ ሄደ።

«እንደምትጠይኝ አውቃለሁ» አላት። «ሐቅሽ ነው። በፈለግሽው ተበቀይኝ። ስደቢኝ፣ ሰው ፊት አዋርጂኝ። በዚህ ግን አትበቀይኝ። እሑድን አትከልክይኝ።»

በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀጥ ብላ አየችው። ይህ ሰው በቀል ማለት መከልከል ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር እሷም እስከዚያች ደቂቃ እንደዚያው ነበር የሚመስላት፤ ፊልሙን ስታይ የተደሰተችው አትጫወትም ለማለት ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ታያት። ብትከለክለው እግሩ ይተርፋል፣ እሱም ያቺ ሴት ባትከለክለኝ ኖሮ እያለ ሲታዘንለት ይኖራል። ብትፈቅድለት ግን አርባ ሺህ ሰው እያየው፣ በገዛ ልመናው፣ በዚያ በሚኮራበት ዙር ላይ ያልቃል። አባቷን ሰው ሁሉ እየሰማ ካዳቸው፤ እሱም ሰው ሁሉ እያየ ይውደቅ።

«ትንሽ ላላ እንጂ አልተበጠሰም» አለችው። «አጥብቄ አስርልሃለሁ። ይይዛል።»

መዝገቡን ከፈተችና ፈረመች። ፊርማዋ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነበር። ጅራፉ ተነስቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩን አስነካው፤ እንባው ጣቶቿ ላይ ወረደ። «ድንቢጥ» አላት፣ ሌላ ቃል አላወጣም። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችውና ግብ ጠባቂው ተራ እየጠበቀ ስለሆነ አልጋውን እንዲለቅ ነገረችው።

ከወጣ በኋላ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እንደገናም ታጠበች። እንባው ወዲያው ነው የለቀቀው። ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልጠራት ያ ስም ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ በዚያ ሰዓት ከምንም በላይ የጠላችው ያንኑ ስም ነበር።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ስትገባ እናቷ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ያ የሳንቃ አልጋ አሁን የጨርቅ መከመሪያ ሆኗል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ እያስጨመረች በላች። እናትየዋ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻትና ዛሬ ጠላትሽ ሞተ እንዴ ብላ ቀለደች።

ልጅቷ አልሳቀችም። ሁሉንም ነገረቻት፣ ፊልሙን፣ ልመናውን፣ ፊርማውን። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ክፈቺ፣ አባቴ የሰሙትን የሚያስረሳ ነገር ትሰሚያለሽ አለቻት።

የእናትየዋ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰባት ዓመት የደበቀችውን ነገር አወጣች።

ጅራፉ መጥቶ ነበር። ልጅቷ ኮሌጅ በገባች በዓመቱ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳ። ከዚያ በፊትም ሦስት ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ ልጃችን ኮሌጅ መግባቱን ትታ ትሄዳለች ብለው ባልና ሚስት ተመካክረው አልሰጧትም። አባትየው ያን ቀን አልጮኹበትም፣ አላስወጡትምም። አልጋው ላይ አስተኝተው ጉልበቱን አሹት። ሲጨርሱ፣ በሰው ፊት የተናገርከውን በሰው ፊት አስተካክልና ከዚያ ልጄን ልትጠይቀኝ ና አሉት። እሺ ብሎ ምሎ ሄደ። አልተመለሰም። አባትየውም በዚያው ዓመት አረፉ።

«ይሄ የባሰ ነው እንጂ» አለች ልጅቷ። «መንገዱን አሳይተውት አይደል የቀረው? ምን ልሁን ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»

«አባትሽ በሕይወቱ እንደዚያ ጉልበት የለፋበት ነገር የለም» አለች እናትየዋ። «እኔንም ጨምሮ። ከካደው በኋላ እንኳ በእጁ ዳሰሰው እንጂ በእጁ አልመታውም። አባትሽ ከዚህ ዓለም ያተረፈው አንቺንና ያንን እግር ነው። አሁን አንዱ ሌላውን ሊያጠፋ ነው?»

«እሱስ አባቴን አላጠፋቸውም?»

«አጥፍቷል። እኔ ይቅር በይው አላልኩሽም።»

ከመኪናው መሳቢያ፣ ከክሮቹ ሥር፣ ሦስቱን ፖስታዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላትና ፔዳሉን መርገጥ ቀጠለች። ስፌቱ ግን ጠመመባት፤ ልጅቷ ይህን አይታ ከክፍሉ ወጣች።

ደብዳቤዎቹን የከፈተቻቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለቱ አጫጭር ናቸው፣ ጤናዋን ጠይቀው የሚቆሙ። ሦስተኛው ከሬዲዮው በኋላ የተጻፈ ነበር።

«ድንቢጥ፣ ሰምታችኋል መቼም። ስፈርም አስፈራሚዬ ውጭ አገር ታክሟል የሚል የሐሰት ወረቀት አሠርቶ አስገብቶልኝ ነበር። ወጌሻ ቤት ነው የዳንኩት ብትል ውልህ ይቀደዳል፣ ከነሱም ጋር አትጻጻፍ አለኝ። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ የአባትሽ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ፈሪ ነኝ። ጎል ፊት አልፈራም፣ ሌላ ቦታ ሁሉ ግን ፈሪ ነኝ። ሰባቱን ደብዳቤሽን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ቀለም ጠብ ያደረግሽበትን ቦታ ሳይቀር።»

ሦስቴ አነበበችው፣ ባነበበችው ቁጥር ንዴቷ ጨመረ። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። ክፉ ሰውን መጥላት ቀላል ነው፤ ፈሪን ለመጥላት ግን በየጠዋቱ ጉልበት ማዋጣት ይጠይቃል፣ እሷም ዘጠኝ ዓመት ስታዋጣ እንደኖረች ያወቀችው አሁን ነው። ስልኳ ፊቷ ነበር። ለአሠልጣኙ አንድ ቃል ብትነግረው ይበቃል። ቅዳሜን ሙሉ አልደወለችም።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ከመልበሻ ክፍሉ አጠገብ ባለችው ጠባብ የሕክምና ክፍል ውስጥ ጅራፉ ማሊያውን ለብሶ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ከላይ የሕዝቡ ጩኸት ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል። ወጌሻዋ ፋሻውን ይዛ ተጠጋች። አንድ ዙር ጠመጠመች፣ ሁለተኛውን ጠመጠመች።

ሦስተኛው ዙር ላይ አውራ ጣቷ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችው ስርጉድ ቦታ ላይ አረፈ። አባቷ ይህችን ቦታ መጀመሪያ ያስነኳት በዚሁ ጉልበት ላይ ነበር፤ እጇን በእጃቸው ይዘው፣ እዚህ ጋ ሲተነፍስ ይሰማሻል ብለዋት። አሁን አጥንቱን ቀስ አድርጋ ሳብ ስታደርገው እንደ ላላ መሳቢያ ተንሸራቶ መጣላት። ምንም አልያዘውም። ጅራፉ ሕመሙን ለመደበቅ ከንፈሩን ነክሶ እንደ ድሮው ጣሪያውን ያያል፣ ያምናታል።

ፋሻው ከእጇ ወደቀ። አላነሳችውም። ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄዳ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ባሉበት፣ ለአሠልጣኙ ጅራፉ አይጫወትም አለችው።

አሠልጣኙ የሰማው አልመሰለውም። የቡድን መሪው ግን ሰምቶ ነበር። ዓርብ ፈርማለች፣ የተሰላፊዎቹ ዝርዝር ዳኛው እጅ ገብቷል፣ አርባ ሺህ ሰው የመጣው ለአንድ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ደረደረው። ጅራፉ በአንድ እግሩ እየዘለለ በሩ ላይ ደረሰ፤ ግማሹ ፋሻ ከኋላው ይጎተታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቆይተሽ ቆይተሽ ዛሬ ተበቀልሽኝ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ዝም ብትል ይቻል ነበር። ወጌሻ በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቧን ብትቀይር ማንም አይከሳትም።

«የተበቀልኩህ ዓርብ ነው» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «ስፈርም ይህ ጉልበት እንደማይችል አውቅ ነበር። ይይዛል ያልኩህ ውሸቴን ነው። በሰው ፊት ይበጠስ ብዬ ነው የፈረምኩልህ።»

የሕዝቡ ጩኸት ብቻ በግድግዳው በኩል ይሰማል። የቡድን መሪው ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ አብቅቷል አላት፤ እንዲያም ሆኖ ፊርማ ፊርማ ነው፣ ሰውየው ይጫወታል ብሎ ወደ ጅራፉ ዞረ። አሁን የሷ ቃል ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ገባቸው። የቀረው የጅራፉ ውሳኔ ነበር።

ጅራፉ የቡድን መሪውን አላየውም። እሷን ነበር የሚያየው።

«የዓርቡ በቀል ከሆነ የዛሬው ምንድን ነው?» አላት።

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተች። በአባቷ ቀብር ላይ ያልመጣው እንባ፣ አሥራ ስምንት ተጫዋች ፊት፣ ያለ ድምፅ ፊቷ ላይ ወረደ። ጅራፉ ያን አየ፤ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ከዚያ ማሊያውን በራሱ ላይ ስቦ አወለቀና አጣጥፎ ለተቀያሪው አጥቂ ሰጠው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «ይህን ጉልበት ያዳነው የውጭ አገር ሐኪም አይደለም። የሷ አባት ናቸው። እዚሁ ከተማ፣ ሳሎናቸው ውስጥ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ። እኔ ውሌን ፈርቼ በሬዲዮ ካድኳቸው። ሥራቸውን አጡ። እንዳስተካክለው ለምነውኝ ነበር፤ ሳላስተካክለው ሞቱ። እሷ ያደረገችብኝ አይበዛብኝም።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሽ ወጌሻ ሲያሹት ያደገው አምበሉ ግብ ጠባቂ ጓንቱን አወለቀና ነፍሳቸውን ይማር አለ። ሌሎቹም፣ አይተዋቸው የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ አሉት። ወጌሻዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አባቷ ገና አሁን የተቀበሩ መሰላት።

ጨዋታውን ሁለቱም ከተቀያሪዎች ወንበር ዳር ሆነው አዩት፤ በመሃላቸው የውሃ ሣጥን ነበር። ሕዝቡ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስሙን እየጠራ ጮኸ፣ ከዚያ አፏጨ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ዳኛው ለቡድናቸው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። አንድ ሩጫ እንኳ የማይፈልግ፣ ቆሞ የሚመታ ጎል። መቶ አርባ ስምንተኛው። ተቀያሪው አጥቂ ኳሷን አስቀመጠና አገባት። ጅራፉ አላጨበጨበም፤ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወጌሻዋ ፊቱን በጎን አየችው። ዘጠኝ ዓመት የተመኘችው ፊት ይህ ነበር፣ አየችው፣ ደስ አላት። ራሷን አልዋሸችም፤ በእርግጥ ደስ አላት። ደስታው ግን ኳሷ ከመረቡ ወጥታ መሃል ሜዳ እስክትደርስ እንኳ አልቆየላትም።

«ይቅር ብለሽኛል?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አላልኩህም።»

«እሺ።»

«ላልልህም እችላለሁ።»

«እሺ» አለ እንደገና።

ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤት እንዲመጣ ነገረችው። ጉልበቱ ቶሎ ካልተያዘ ይደርቃል አለችው፤ በወጌሻ ድምፅ ለመናገር የተቻላትን ያህል ሞከረች።

ሰኞ ዕለት የስንብት ደብዳቤዋ መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። አሠልጣኙ ደውሎ አዘንኩ አላት፣ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊትም ስለ ወገቡ ጠየቃት። ጅራፉ ያን ዓመት ኳስ አቆመ። ክብረ ወሰኑ ዛሬም የሁለት ሰው ነው፤ ፀጉር አስተካካዮቹም ያን ቀን ቢገባ ኖሮ እያሉ አሁንም ይከራከራሉ።

ማክሰኞ ግን ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መጣ። እናትየዋ በሩን ከፈተችለት፤ ምን እንዳለችው አልተሰማም፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስትስብለት ብቻ ተሰማ። ልጅቷ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ጨርቁን ከአልጋው ላይ አንስታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዘይቱን አሙቃ ጨርሳለች። መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም። ሁለት ሰዓት ነው ያልኩት፣ ሩብ ሰዓቷን እዚያው ይቀመጣት፣ ይገባዋል ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከበሩ ወዲያ አንድ ጊዜ አሳለ። ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ ጸጥ አለ፣ ጸጥታውም ረዘመባት፤ ተነስቶ የሄደ መሰላት። ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። ሰዓቷን አየች፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር ያለፈው። በራሷ እየተናደደች ተነስታ በሩን ከፈተችው።